ማሽን እንግዛ ወይስ መስኮት እንክፈት? ልጇ ሌሊት ሌሊት የሚያስልባት እናት ትጠይቃለች

ጥያቄ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። ዓምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ ግን አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ አሁን ወዳለንበት ቤት ከገባን በኋላ ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀመረ፣ መጀመሪያ ጉንፋን ነው ብለን ተውነው ግን አልቆመም፣ ቀን ቀን ደህና ሆኖ ይውላል፣ ማታ ተኝቶ ትንሽ ቆይቶ ይጀምረዋል፣ ደረቱ ደሞ ሲር ሲር ይላል። ሀኪም ቤት ስንወስደው የአስም ምልክት ነው አሉን፣ ኢንሄለር ሰጡን፣ ሀኪሙ «የቤታችሁን አየር አስተካክሉ» አለን፣ በቃ ይሄንኑ ብሎ ሸኘን። እንዴት እንደሚስተካከል አልነገረንም፣ እኛም ደንግጠን ስለነበር አልጠየቅንም።

ከዛ በኋላ ያገኘነው ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። ባለቤቴ ኢንተርኔት ላይ አንድ ማሽን አይቶ እሱን ካልገዛን ብሎ ቆርጦ ተነስቷል፣ ኦዞን በሚባል ጋዝ አየሩን ያፀዳል፣ ጀርም ይገድላል፣ ሽታ ያጠፋል ምናምን ይላል ማስታወቂያው፣ ዋጋው ግን ለሌላ ነገር ብለን ያጠራቀምነውን ገንዘብ ሙልጭ አድርጎ የሚወስድ ነው። እህቴ ደሞ አየር የሚያፀዳው ተክል ነው ብላ የልጁን ክፍል በተክል ሞላችው። ጎረቤቴ መስኮት ክፈቺ ትለኛለች፣ የልጁ ክፍል መስኮት ግን ወደ መኪና መንገድ ስለሆነ ከፈትኩት ማለት አቧራና የመኪና ጭስ አስገባሁ ማለት ነው። ክፍሉ እንደመሽተት ስለሚለኝ ጠዋትና ማታ የሽታ ስፕሬይ እረጫለሁ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ነገር ይወጣል፣ በበረኪና እጠርገዋለሁ ተመልሶ ይመጣል።

የባለቤቴ አባት አብረውን ነው የሚኖሩት፣ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው፣ ልጄን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት፣ ግን ያጨሳሉ። በረንዳ ላይ ነው የሚያጨሱት፣ ሲበርዳቸው ደሞ ኩሽና መስኮቱ ጋ። ይሄን ለባለቤቴ ሳነሳበት «ማሽኑ ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላል» ይለኛል። እኔ ማሽኑን ጠልቼ አይደለም፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ልጄ ማሳሉን ባያቆምስ ብዬ ነው። በዚህ በዚህ እየተነታረክን ነው። ሌሊት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ አነጋለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያልኩ አለቅሳለሁ። እስቲ ምከሩኝ፣ ማሽኑን ነው፣ ተክሉን ነው፣ መስኮቱን ነው፣ የቱን ልምረጥ?

ግራ የገባት እናት ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ የልጅ ሳል እየሰሙ ማንጋት እንዴት እንደሚያደክም ለማንም ማስረዳት የለብሽም፣ ከሳሉ በላይ ደሞ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያሉ ዝምታውን ማዳመጡ ነው የሚጨርሰው። መጨነቅሽ ማጋነን አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። የምታደርጊውን ሁሉ የምታደርጊው ልጅሽ እንዲተነፍስ ብለሽ ነው፣ አንዳንዱ መለወጥ ካለበት ይለወጣል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ሌላው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ልጁ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ካለ ወይ ኢንሄለሩን ወስዶም ካልተሻለው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በዛው ሰዓት ሀኪም ቤት ውሰዱት። መድሀኒቱን ደሞ ቤቱ ተስተካከለ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ቤት ማስተካከል ከመድሀኒቱ ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ እሱን የሚተካ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ማሽን፣ ተክል፣ መስኮት ብለሽ ምረጡልኝ ያልሽው ሁሉ የቆሸሸ አየርን በኋላ ስለማፅዳት ነው። አየሩን ምን እንደሚያቆሽሸው ግን አንቺው ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ጥቁር ነገርና የአባባ ሲጋራ፣ ሁለቱም ሌላ ነገር ስታወሪ መሀል ላይ ጣል ተደርገው ነው ያለፉት። በዚህ ጉዳይ የሚሰሩ ባለሙያዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል አለ፣ መጀመሪያ ምንጩን ማጥፋት፣ ቀጥሎ አየር ማስገባትና ማስወጣት፣ ማሽን የሚመጣው ከዛ በኋላ የቀረውን ለመልቀም ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከማሽኑ የጀመረ ሰው ገንዘቡን ያወጣል፣ ምንጩ ግን እዛው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ከጥቁሩ ነገር ልጀምር፣ ምክንያቱም ልጁ የሚያስለው ማታ ነው፣ የሚተኛው ደሞ እዛው ክፍል ውስጥ። የአስም ሳል እንዲሁም ሌሊት ላይ ስለሚብስ ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ግን እንደመሽተት ይለኛል ያልሽው ነገርና ተመልሶ የሚመጣው ጥቁር ነገር አንድ ላይ ሲነበቡ ሻጋታ ነው የሚመስለው። ሻጋታ ያለ ውሃ አይኖርም። ስለዚህ ጥያቄው በምን ልጥረገው ሳይሆን ውሃው ከየት ነው የሚመጣው ነው። ውሃውን ሳታገኚ በበረኪና ማመላለስ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሚሆንብሽ፣ ጥቁረቱን ያነጣዋል፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት ግን ያበቅለዋል። የበረኪና ሽታ ራሱ ደሞ የአስም ልጅ ደረት ያስቆጣል። አደራ በረኪናን ከሌላ ማፅጃ ጋር በተለይ አሞኒያ ወይ አሲድ ካለበት ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጊው፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

እስቲ ቁም ሳጥኑን ሳቢውና ግድግዳውን በእጅሽ ዳሺው። ይቀዘቅዛል? ወደ ውጪ የዞረ ግድግዳ ነው? ከጀርባው ሻወር ቤት ወይ የውሃ ቧንቧ ያልፋል? አንድ ቀላል ሙከራ አለ፣ የአልሙኒየም ፎይል ቁራጭ ወስደሽ፣ ግድግዳውን በደንብ አድርቀሽ፣ ፎይሉን ዙሪያውን በፕላስተር አሽገሽ ለጥፊው፣ አንድ ሁለት ቀን ተዪው። ስታዪው በክፍሉ በኩል ያለው ፊቱ ላይ ጤዛ ከያዘ ውሃው የሚመጣው ከክፍሉ አየር ነው ማለት ነው፣ ማለትም ከትንፋሽ፣ ከሻወር፣ ከምግብ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ ከሚሰጣ ልብስ። ስትልጪው ግድግዳው በኩል ያለው ጀርባው ከረጠበ ግን ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ቧንቧ እያፈሰሰ ወይ ከውጪ እየሰረገ፣ እሱ ባለሙያ ጠርቶ ማስጠገን ነው፣ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደሞ ፎቶ አንስተሽ ለአከራዩ መንገር።

የክፍሉ አየር ከሆነ ግን ብዙውን ነገር በራስሽ እጅ ታስተካክይዋለሽ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ያህል አርቂው አየር እንዲያልፍበት፣ ከተቻለ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙሪው። እርጥበት መለኪያ የምትባል ትንሽ እቃ አለች፣ ከማሽኑ ጋር ሲነፃፀር ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምገዛው እሷን ነው። ከ30 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው፣ ከ60 በላይ ከቆየ ሻጋታ እየተጋበዘ ነው። ግድግዳውን ልጁ ቤት በሌለበት ሰዓት፣ ማስክና ጓንት አድርገሽ፣ በሳሙናና በውሃ ፈትገሽ እጠቢው፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መስኮቱን ከፍተሽ የክፍሉን በር ዝጊው። ሻጋታው ከ1 ካሬ ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ ወይ ግድግዳው ሲነካ ሟሽሾ የሚፈርስ ከሆነ ለባለሙያ ተዪው። እስከዛ ድረስ ልጁ ሌላ ክፍል ቢተኛስ? ሁለት ሶስት ሳምንት ሌላ ክፍል ተኝቶ ሳሉ ከቀነሰ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በረንዳ ላይ የተጨሰ ሲጋራ ውጪ አይቀርም። ጭሱ ውስጥ ያለው ብናኝ ከ2.5 ማይክሮን በታች ነው፣ ከፀጉር ውፍረት ወደ 30 ጊዜ ያህል የሚያንስ ማለት ነው፣ በር ስር፣ በመስኮት ክፍተት፣ በሰው ልብስ ይገባል፣ ከዛም ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል። ኩሽና መስኮቱ ጋ ሲሆን ደሞ ነፋሱ ወደ ውስጥ ከነፈሰ ቤት ውስጥ እንደማጨስ ነው። የሰው ሲጋራ ጭስ ይሄን ያህል ብቻ ከሆነ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለውም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይሄንኑ ነው። ጥሩ ማሽን ብናኙን ይቀንሳል፣ ጋዙን ግን አብዛኛውን ያልፈዋል፣ ሶፋና መጋረጃ ላይ የተቀመጠውንማ ጭራሽ አይነካውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን አላውቀውም፣ አንቺ ታውቂው ይሆናል። ባለቤትሽ ማሽኑን ይሄን ያህል የፈለገው አባቱን «እባክህ እዚህ አታጭስ» ማለት ስለከበደው ይሆን? ለብዙ ሰው አባትን መናገር ከባድ ነው፣ አክብሮትም ፍርሀትም አለበት፣ አባት እቤቱ ሲኖሩ ደሞ እንዳላስፈለጉ እንዳይሰማቸው ይፈራል። ማሽን ማንንም ሳያስቀይም ችግሩን የሚፈታ ይመስላል፣ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። እንደዛ ከሆነ ባለቤትሽ ግትር ሆኖ ሳይሆን ተጨንቆ ነው፣ ስለ ማሽኑ የምትጨቃጨቁትም በእርግጥ ስለ ማሽኑ አይደለም። ማስታወቂያውንና ዋጋውን ተዉትና ለብቻችሁ ስትሆኑ «አባባን መናገር ይከብድሃል አይደል?» ብለሽ ብቻ ጀምሪ፣ ከዛ ዝም ብለሽ አዳምጪው።

አባባን የሚያናግራቸው ግን እሱ ይሁን፣ አንቺ አትሁኚ። ምራት ስትናገርና ልጅ ሲናገር አንድ አይደለም፣ ከአንቺ ከመጣ ቅሬታ ይመስላል። የሚሻለኝ ደሞ ከንግግሩ በፊት ለሚቀጥለው የሀኪም ቀጠሮ አባባ አብረው ቢሄዱ ነው፣ ሀኪሙ ስለ ጭስ ሲናገር ከራሱ ከሀኪሙ ይስሙት፣ የልጁን ደረትም ይዩ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ልጁን በጣም ነው የሚወዱት። የሚጠየቁት ነገር ግልጽ ይሁን፣ ትንሽ ይቀንሱ ምናምን ሳይሆን በረንዳም ኩሽናም ሳይሆን ከቤቱ ርቀው፣ ለማጨሻ የሚለብሱት አንድ ጃኬት ኖሯቸው ሲገቡ ውጪ የሚያወልቁት፣ እጃቸውን ታጥበው ልጁን የሚያቅፉት። ማቆም እፈልጋለሁ ካሉ ደሞ ብቻቸውን አትተዉአቸው፣ ለዓመታት ያጨሰ ሰው በምክርና በመድሀኒት ሲታገዝ የማቆም ዕድሉ ይጨምራል፣ ይሄንንም እዛው ሀኪሙን ጠይቁት።

መስኮቱ ላይ ጎረቤትሽም ልክ ናት፣ አንቺም ልክ ነሽ። የተዘጋ ቤት ትንፋሹም እርጥበቱም የማፅጃው ሽታም እዛው ይታመቅበታል፣ መንገድ ዳር የተከፈተ መስኮት ደሞ አቧራና ጭስ ያስገባል። ስለዚህ ሰዓቱንና አቅጣጫውን መምረጥ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ መስኮት ገርበብ ከማድረግ ትራፊክ በማይበዛበት ሰዓት ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን ወይ መስኮትና በርን ለ10 ደቂቃ ያህል ወለል አድርጎ መክፈት ይሻላል፣ አየሩ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከመንገዱ ተቃራኒ ያለ መስኮት ካላችሁ ዋናው እሱ ይሁን። ምግብ ሲሰራና ሻወር ሲወሰድ ደሞ የዛ ክፍል በር ተዘግቶ መስኮቱ ይከፈት ወይ ኤግዞስት ፋኑ ይብራ። ፋኑ በትክክል መሳቡን በአንዲት ሶፍት ማየት ይቻላል፣ ስታስጠጊያት ተለጥፋ ካልቀረች ወይ ቆሽሿል ወይ አይሰራም።

ስፕሬዩን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚው፣ ይሄ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ሽታን አያጠፋም፣ በላዩ ላይ ሌላ ኬሚካል ጨምሮ ይሸፍነዋል፣ ያ ኬሚካል ደሞ ደረት የሚያስቆጣ ነው። ሽታ ያለው ሻማም እንደዛው። በዛ ላይ ሽታው ሻጋታው የት እንዳለ እየነገረሽ ነው፣ ባትሸፍኚው ይሻላል።

ተክሎቹን በተመለከተ እህትሽ የሰማችው ነገር ከባዶ የተነሳ አይደለም። በ1989 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ያሳተመው ጥናት ላይ ተክሎች በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አንዳንድ ኬሚካሎችን ሲቀንሱ ታይቷል። ሰው የሚኖርበት ቤት ግን የታሸገ ሳጥን አይደለም። በ2019 የወጣ ግምገማ የቀድሞዎቹን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያሰላ፣ በቤት ውስጥ በተፈጥሮ ከሚገባና ከሚወጣው አየር ጋር ለመወዳደር በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል ብሏል። ያን ያህል ተክል ይዞ መኖር ደሞ አይታሰብም። የረጠበ አፈር ሲበዛ እርጥበትም ይጨምራል፣ አፈሩ ራሱ ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ ከልጁ ክፍል አውጫቸውና ሳሎን ወይ በረንዳ አድርጊያቸው፣ ለዓይን ደስ ይላሉ፣ እህትሽም አይከፋትም።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ ያ ባለቤትሽ ያየው ዓይነት፣ ኦዞን የሚያመርተው፣ በፍፁም አይገዛ። እዚህ ላይ ማመቻመች የለኝም። ኦዞን ሰማይ ላይ ከፀሀይ ጨረር ይከላከልልናል፣ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ያቃጥላል፣ ያሳስላል፣ አስም ያብሳል። ሽታና ጀርም ለመግደል በሚበቃ መጠን ከተለቀቀ ለሰው አደገኛ ይሆናል፣ ሰው በማይጎዳበት መጠን ከሆነ ደሞ ይሄ ነው የሚባል ስራ አይሰራም። ለዚህ ነው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሰው ባለበት ቦታ እንዳንጠቀመው የሚያስጠነቅቀው። «አክቲቭ ኦክስጅን» ምናምን ብለው ስሙን ለውጠው ሲሸጡትም ያው ነው።

ኤር ፒዩሪፋየር ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ሄፓ ፊልተር ያለው ማሽን 0.3 ማይክሮን የሆነ ብናኝ እንኳን ሲያልፍበት 99.97 በመቶውን ይይዛል፣ የመንገድ አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ የጭስ ብናኝ፣ በዚህ በዚህ ይረዳል። መንገድ ዳር ለሚኖር የአስም ልጅ ምንጮቹ ከተስተካከሉ በኋላ መግዛቱን አልቃወምም። ሲገዛ መታየት ያለበት ሲኤዲአር የሚሉት ቁጥር ነው፣ ማሽኑ በሰዓት ስንት ሜትር ኪዩብ ንፁህ አየር እንደሚሰጥ ይናገራል። የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ አባዙት፣ ከዛ በ5 አባዙት። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 30 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ስለዚህ 150 እና ከዛ በላይ የሆነ ይፈለጋል። ቁጥሩ ግን ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሰራ የሚሰጠው ነው፣ በሙሉ ኃይሉ ሲሰራ ደሞ ይጮሃል፣ ልጅ እንዳይረበሽ ቀንሳችሁ የምታስነሱት ከሆነ ትንሽ ከፍ ያለ ምረጡ። ለሙሉ ቤት ሳይሆን ለልጁ መኝታ ብቻ፣ በሩ ተዘግቶ። የማሽኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የፊልተሩን ዋጋም ጠይቁ፣ እንደ ማሽኑና እንደ አየሩ ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራል፣ ሳይቀየር የሚቀር ፊልተር ደሞ ዝም ብሎ የሚጮህ ሳጥን ነው። ሄፓ ሽታና ጋዝ አይዝም፣ ለሱ የካርቦን ፊልተር ያስፈልጋል፣ ስስ የሆነው ቶሎ ይሞላል። እርጥበት አይቀንስም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝም አያስወግድም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ በጋዝ ወይ በእሳት የሚሰራ ምድጃም ይሁን የውሃ ማሞቂያ ካላችሁ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከማሽኑ በፊት ይገዛ፣ ያ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

አልጋውንም እንዳትረሺው። አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፣ ፍራሽና ትራስ ውስጥ ነው የሚራቡት፣ ብዙ የአስም ልጆችን የሚያስነጥሳቸውና የሚያስላቸው የነሱ ቆሻሻ ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንዴ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፣ አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሳይሆን በእርጥብ ይጠረግ፣ አልጋው ላይ የሚደረደሩ የጨርቅ አሻንጉሊቶች ይቀነሱ፣ ካንዱ ጋር ካልሆነ አልተኛም ካለ አንዱ ይቅርለትና አብሮ ይታጠብ።

ይሄን ሁሉ በአንዴ አድርጊ እያልኩሽ አይደለም፣ እንቅልፍ እንኳን በቅጡ የለሽም። በዚህ ሳምንት ስፕሬዩ ይቁም፣ ተክሎቹ ይውጡ፣ ልጁ ሌላ ክፍል ይተኛ፣ ፎይሉ ይለጠፍ፣ ከባለቤትሽ ጋር ያቺን ንግግር ጀምሩ። ከአልጋሽ አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጪና በየማታው ሁለት ሶስት ቃል ብቻ ጻፊ፣ ስንቴ ሳለ፣ የት ተኛ፣ እርጥበት መለኪያው ስንት አለ፣ ቤት አካባቢ ተጨሶ ነበር ወይ፣ ኢንሄለሩን ስንቴ ፈለገ። ሌሊቱን ደሞ ከባለቤትሽ ጋር ተካፈሉት፣ አንድ ማታ አንቺ አንድ ማታ እሱ፣ እሱም ሳሉን በደንብ ይስማው፣ አንቺም ተኚ። ከሶስት አራት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ሁለታችሁም ሀኪሙ ጋ ሂዱ፣ አለርጂ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁት፣ ባሰበት ቀን ምን ማድረግ እንዳለባችሁም ደረጃ በደረጃ በወረቀት እንዲጽፍላችሁ ንገሩት። ማሽኑንም ያን ጊዜ ደብተሩን እያያችሁ ወስኑት፣ ሳሉ በደንብ ቀንሶ ከሆነ ገንዘባችሁ ለታሰበለት ነገር ይሁን፣ ግድግዳው ደርቆ ጭሱም ቆሞ አሁንም የሚያስል ከሆነና የመንገዱ አቧራ ካስቸገራችሁ ግን ለሱ ክፍል የሚበቃውን ሄፓ ግዙለት።